ለወጣቶች ሥነ ጽሑፍ ኮርስ «ሬፊዩጂ ቦይ»ን መርጫለሁ፤ ከምን አንጻር ልጻፍበት?

ገጽ ገላጭ (ሚኒያፖሊስ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የማጠናው የእንግሊዝኛ መምህርነት ነው፤ በዚህ ሴሚስተር «የወጣቶች ሥነ ጽሑፍ» የሚባል ኮርስ ይዣለሁ። ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉ አንባቢዎች የተጻፉ ልብ ወለዶችን ነው የምናነበው፤ እዚህ ባጭሩ «ዋይ ኤ» ይሏቸዋል። እስካሁን የኤስ. ኢ. ሂንተንን «ዘ አውትሳይደርስ»፣ የሮበርት ኮርሚየርን «ዘ ቸኮሌት ዋር» እና የዋልተር ዲን ማየርስን «ሞንስተር» ጨርሰናል። ንባቡ ይፈጥናል፤ ውይይቱ ግን ከሼክስፒር ክፍል አያንስም።

ለማጠቃለያው ፔፐር መጽሐፉን የምንመርጠው ራሳችን ነን። እኔ የቤንጃሚን ዘፋንያን «ሬፊዩጂ ቦይ» ያዝኩ፤ በ2001 የታተመ ነው (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ላላነበባችሁት፦ ዓለም ኬሎ የ14 ዓመት ልጅ ነው። አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። በሁለቱ አገሮች ጦርነት ምክንያት ቤተሰቡ እዚህም እዚያም መኖር አቃተው። አባትየው ልጁን ለጉብኝት ብሎ እንግሊዝ ይወስደዋል፤ ዓለም ሆቴል ውስጥ አንድ ጠዋት ሲነቃ አባቱ የለም፣ ደብዳቤ ብቻ ትቶለታል። ከዚያ በኋላ የልጆች ማሳደጊያ፣ አሳዳጊ ቤተሰብ፣ ትምህርት ቤት፣ ፍርድ ቤት ነው።

የኮርሳችን ምሰሶ ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ በ1990 የጻፉት አጭር ጽሑፍ ነው። መጽሐፍ ለልጅ ራሱን የሚያይበት መስተዋት፣ የሌላውን ኑሮ የሚያይበት መስኮት፣ አንዳንዴም ከፍቶ የሚገባበት የመስተዋት በር ነው ይላሉ። የእኔም ረቂቅ ከዚያ ተነሣ፤ በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ውስጥ የእኛን ስም፣ የእኛን ጦርነት፣ የእኛን ቤት ማየቴን ጻፍኩ። ፕሮፌሰሬ ኅዳጉ ላይ «ጥሩ፣ አየሽው። ከዚያስ?» ብላ መለሰችልኝ።

ጥያቄዋ ተገቢ ነው። መጽሐፉን ያነበባችሁ ወይም ዘርፉን የምታውቁ፣ ከየት ትገቡበት ነበር? ሌላው ደግሞ፣ ወደ መጨረሻው አባትየው ይገደላል። ይህን የ14 ዓመት ልጆች ክፍል ውስጥ እንዴት ይዞ መግባት ይቻላል?

መጽሐፍ ቤት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እህቴ፣ ምርጫሽ ደስ አሰኝቶኛል። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የወጣቶች ክፍል ነው የምሠራው፤ ስለዚህ ከእኔ ሙያ ልጀምርልሽ።

ይህን ዘርፍ ያሳደገው ከዩኒቨርሲቲው ይልቅ ቤተ መጻሕፍቱ ነው። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ1957 ለወጣቶች አገልግሎት ራሱን የቻለ ክፍል አቋቋመ። አሥር ዓመት ቆይቶ የሂንተን መጽሐፍ ወጣ። ልጅቷ ታሪኩን መጻፍ የጀመረችው በ15 ዓመቷ ነው፤ ሲታተም 18 ነበረች። አሳታሚዎቹ ሙሉ ስሟን ትተው በፊደል ብቻ ያወጡት ስለ ወንድ ልጆች ጠብ ሴት ጻፈችው ሲባል ሐያስያን እንዳይንቁት ነው። የዘርፉ ትልቁ ሽልማት፣ በአንድ የካንሳስ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ስም የተሰየመው የፕሪንትዝ ሽልማት፣ በ2000 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ያሸነፈው ያነበብሽው «ሞንስተር» ነው።

ይህን የማነሣልሽ ለቀን መቁጠሪያው ብዬ አይደለም። ሁለቱም መጻሕፍት የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ ስለ ወጣቱ የሚናገረው ማነው? በ«ሞንስተር» የ16 ዓመቱ ስቲቭ በነፍስ ግድያ ተከሶ ፍርድ ቤት ተቀምጧል፤ ታሪኩን እንደ ፊልም ጽሑፍ አድርጎ ራሱ ይጽፈዋል፣ በመካከል የእጅ ማስታወሻው ይገባል። ዐቃቤ ሕጓ አንድ ስም ትሰጠዋለች፣ እሱ ደግሞ በዚያ ስም ውስጥ ራሱን ይፈልጋል። ያንቺው ዓለምም ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ የእሱን ታሪክ የሚተርከው ግን እሱ አይደለም፣ ትረካው በሦስተኛ መደብ ነው። አብዛኛው የዋይ ኤ መጽሐፍ «እኔ» እያለ ሲተርክ ዘፋንያ ለምን «እሱ» አለ? እኔ ብሆን ከዚህ ነበር የምጀምረው።

ከፒያሳ (አዲስ አበባ)

ልጆቼ፣ ስድሳን የተሻገርኩ አንባቢ ነኝና የተለየ ሐሳብ ላምጣ፤ በቅንነት ነው የምለው።

እኛ ወጣት ሳለን ለወጣት ተብሎ የተለየ መደርደሪያ አልነበረንም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አያትም፣ የቤት ሠራተኛም፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅም አንድ ክፍል ውስጥ ጸጥ ብሎ ያዳምጥ ነበር። በዛብህ የእኛ እኩያ ስላልሆነ አልራቀንም። የጉዱ ካሳን ንግግር በከፊል ሳንረዳው በቃላችን ይዘነው፣ ከዓመታት በኋላ ነው ትርጉሙ የበራልን። ልጅ ከአቅሙ በላይ የሆነውን እየታገለ ሲያነብ ነው የሚያድገው ብዬ አምናለሁ። ለየዕድሜው የተሰፋ መጽሐፍ ብቻ እያነበበ ያደገ ወጣት ሐዲስ ዓለማየሁን የሚደርስባቸው መቼ ነው? ዩኒቨርሲቲስ ጊዜውን በዚህ ላይ ማዋሉ ተገቢ ነው ወይ?

ሥነ ጽሑፍ አስተማሪ (ባሕር ዳር)

ጋሼ፣ የሬዲዮውን ነገር በማንሣትዎ አመሰግናለሁ። ከአቅም በላይ ማንበብ ያሳድጋል ያሉትን እቀበላለሁ፤ እኔም ያደግሁት እንዲሁ ነው። ዩኒቨርሲቲው ይህን ዘርፍ የሚያጠናው ግን ሐዲስ ዓለማየሁን ለመተካት አይደለም፣ በውስጡ ሌላ ቦታ የማይገኝ ጥያቄ ስላለ ነው።

ሮበርታ ትራይትስ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ2000 ባወጣችው መጽሐፍ ጥያቄውን ፍርጥ አድርጋ አስቀምጣዋለች። በልጆች መጽሐፍ ውስጥ ሕፃኑ በቤቱና በቅርብ ሰዎቹ መካከል ማንነቱን ይለያል። በወጣቶች ልብ ወለድ ውስጥ ግን ወጣቱ ከተቋማት ጋር ይጋጫል፦ ከትምህርት ቤት፣ ከሃይማኖት፣ ከመንግሥት፣ ከወላጅ ሥልጣን። ምን ያህል ኃይል እንዳለው፣ ምን ያህል እንደሌለው የሚማረው በዚያ ግጭት ነው። ገጽ ገላጭ ባነበበችው «ዘ ቸኮሌት ዋር» ጄሪ ትምህርት ቤቱ ያዘዘውን ቸኮሌት አልሸጥም ይላል፤ ያች ትንሽ እምቢታ መምህሩንም ተማሪውንም አንድ አድርጋ ታስነሣበታለች፣ በመጨረሻም ተደብድቦ ይወድቃል። ደራሲው አያጽናናንም። ለልጅ የተሰፋ ጠባብ ልብስ ነው ለማለት ይከብዳል።

ሁለተኛው የትረካ ጉዳይ ነው። ሌላው ተመራማሪ ማይክ ካደን እንደሚለው የወጣት ልብ ወለድ በባሕርይው ችግር አለበት፦ የሚጽፈው አዋቂ ነው፣ የሚናገረው ወጣት ነው። አዋቂው ራሱን ደብቆ የ16 ዓመት ልጅ ድምፅ ሲያሰማ፣ የልጁ እርግጠኝነት ልክ ይሁን አይሁን አንባቢው የሚመዝንበት ሌላ ድምፅ በታሪኩ ውስጥ ማኖር አለበት። ካላኖረ ወጣቱን አንባቢ ያታልለዋል። በእኛ አገር የዘነበ ወላን «ልጅነት» ያነበበ ልዩነቱን ወዲያው ያየዋል፤ እዚያ አዋቂው አልተደበቀም፣ ወደ ኋላ ዞሮ ያስታውሳል። «ሰመመን»ን ደግሞ ስንት ወጣት ተቀባብሎ አንብቦታል፤ ገጸ ባሕርያቱ ግን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ዛሬ ዘጠነኛ ክፍል የተቀመጠች ልጅ፣ ነገሩ ገና እየደረሰባት ሳለ፣ በራሷ ድምፅ የምትናገርበት ልብ ወለድ በአማርኛ ጥቂት ነው። ተማሪዎቼን ስጠይቃቸው ከተረት መጽሐፍ በቀጥታ ወደ አዋቂ ልብ ወለድ እንደዘለሉ ነው የሚነግሩኝ።

ገጽ ገላጭ፣ ላንቺ አንድ ሥራ ልስጥሽ። መጽሐፉን እንደገና ያዢውና በየምዕራፉ ስለ ዓለም የሚወስነው ማን እንደሆነ ጻፊ። ዓለም ራሱ የወሰነበትን ለብቻ አውጪው።

ገጽ ገላጭ (ሚኒያፖሊስ)

መምህር፣ ያሉኝን ሠራሁ፤ ዝርዝሩ ሲያልቅ አዘንኩ። ወታደሮች ይወስናሉ። አባትና እናት ይወስናሉ። ሶሻል ወርከር፣ የማሳደጊያው ሠራተኞች፣ ጠበቆች፣ ዳኞች ይወስናሉ። አብዛኞቹ ደጎች ናቸው፤ አሳዳጊዎቹ የፊትዝጀራልድ ቤተሰብ ከልባቸው ይወዱታል። ቢሆንም ስለ ልጁ የሚነገረው ልጁ ከሚናገረው ይበልጣል። ሚዛኑ የሚቀየረው የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ከአገር እንዳይባረር ዘመቻ ሲጀምሩ ነው፤ እነሱም ልጆች ናቸው፣ የመምረጥ መብት እንኳ የላቸውም።

አሁን «ራሴን አየሁ» ከሚለው ወጥቻለሁ። የሦስተኛ መደቡን ጥያቄ ግን ገና አልፈታሁትም። ፍርድ ቤቱም «እሱ» እያለ ነው የሚያወራው፣ ተራኪውም «እሱ» ይላል። ታዲያ ተራኪው ከዳኛው በምን ተለየ?

የሁለት ልጆች እናት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

የኔ ልጅ፣ ስለ ሁለተኛው ጥያቄሽ እኔ ልናገር። ምሁር አይደለሁም፤ የ13 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ።

«ሞንስተር»ን ከትምህርት ቤት ይዞ ሲመጣ ሽፋኑን አይቼ ደነገጥኩ። ጥቁር ልጅ፣ ግድያ፣ እስር ቤት። ልመልሰው ነበር፤ ከዚያ ቀድሜ አነበብኩትና በኋላ አብረን አነበብነው። ባለቤቴ በእንግሊዝኛ፣ እኔ በአማርኛ እየጠየቅን፣ ልጁ ስለ ፖሊስ፣ ስለ ትምህርት ቤት ዘበኛ፣ ሱቅ ውስጥ ስለሚከተሉት ሰዎች ለእኛ ነግሮን የማያውቀውን አወራን። ከዚያ በፊት ስጠይቀው «ደህና ነው» ብቻ ነበር መልሱ።

የአባትየውን ሞት በተመለከተ፦ የእኛ ልጆች ከዚህ የከፋ ይሰማሉ። ሳሎን ተቀምጠን ስልክ ይዘን ስንላቀስ፣ ማን እንደሞተ፣ ለምን እንደሞተ ማንም ሳያስረዳቸው ከክፍላቸው ሆነው ያዳምጣሉ። መጽሐፉ ቢያንስ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያስረዳቸዋል፣ ክፍል ውስጥ ደግሞ አንቺ አለሽ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ገጹ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት ንገሪያቸው፣ ለወላጆችም ደብዳቤ ላኪ። አባቱን በዚያው መንገድ ያጣ ልጅ ክፍልሽ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ድንገት በሰው ፊት ማልቀስ የለበትም።

መጽሐፍ ቤት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እትዬ፣ ያደረጉት ነገር ትክክለኛው ነው። ወላጅ ስለ ልጁ ንባብ መጠየቅ መብቱ ነው። የማንስማማው አንድ ወላጅ መጽሐፉ ከሁሉም ልጅ ፊት ይነሣ ሲል ነው። በዚህ ላይ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሄዱት ተማሪዎች ራሳቸው ናቸው፤ ስቲቨን ፒኮ የተባለ የኒውዮርክ ልጅና ጓደኞቹ ቦርዱ ከቤተ መጻሕፍት ያነሣቸውን መጻሕፍት ይዘው ተከራከሩ። በ1982 ዳኞቹ ተከፋፍለው ቢወስኑም፣ የትምህርት ቦርድ ሐሳቡን ስላልወደደ ብቻ መጽሐፍ ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ማውጣት አይችልም የሚለው ለተማሪዎቹ አደላ። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም፤ በየስብሰባው ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ። መምህርት ስትሆኚ ይገጥምሻልና ከወዲሁ አንብቢበት።

ሐይፋ ያለችው (ሐይፋ)

ወላጆቼ ከጎንደር በእግራቸው ወደ ሱዳን የሄዱ ቤተ እስራኤል ናቸው። ስለ መንገዱ ልጅ ሆኜ አልነገሩኝም። ጄን ከርትዝ በ1998 ያወጣችውን «ዘ ስቶሪቴለርስ ቢድስ» ሳነብ ነው የመጀመሪያ ጥያቄዬን ለእናቴ ያቀረብኩት። ሁለት ልጃገረዶች ናቸው ታሪኩ ውስጥ፤ አንዷ ቅማንት፣ አንዷ ዓይነ ስውር ቤተ እስራኤል። አንዳቸው ስለ ሌላው ከቤት የሰሙትን ክፉ ወሬ ተሸክመው በአንድ መንገድ ወደ ሱዳን ይሄዳሉ። መጽሐፉ ለትንንሾች ያደላል፣ ደራሲዋም አሜሪካዊት ናት፤ ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ነው ያደገችው፣ ያስታውቃልም።

የምጨምረው፦ «ራሴን አየሁ» የሚለውን ጨርሰሽ አትጣዪው። ለእኔ መጽሐፉ ያደረገልኝ እናቴን ማናገር መቻሌን ነው። ፔፐርሽ ውስጥ ቢያንስ አንድ አንቀጽ ይገባዋል።

ሊድስ ነኝ (ሊድስ)

ማንም ካላነሣው ይህን ላክል። «ሬፊዩጂ ቦይ» በ2013 እዚህ ሊድስ ለመድረክ በቅቶ ነበር። ለመድረክ ያዘጋጀው ገጣሚው ለምን ሲሳይ ነው። እሱም ከኢትዮጵያዊት እናት እንግሊዝ ውስጥ ተወልዶ፣ ስሙ ተቀይሮ፣ በአሳዳጊ ቤተሰብና በልጆች ማሳደጊያዎች ነው ያደገው፤ የራሱን ታሪክ በ2019 በመጽሐፍ አውጥቶታል። ተቋም ስለ አንድ ልጅ እንዴት እንደሚጽፍ ማየት የፈለገ ያንን ያንብብ፤ ባለሥልጣኖቹ ስለ እሱ የጻፏቸውን ሰነዶች እዚያው ከራሱ ቃል ጎን አስቀምጧቸዋል። ለገጽ ገላጭ ጥያቄ ይህ መልስ ይመስለኛል፦ የዳኛውና የተራኪው «እሱ» ልዩነት ለማን ጆሮ እንደሚናገሩ ነው።

የሁለት አገር ልጅ (ስቶክሆልም)

ሳልጽፍ ልለፈው ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም።

አባቴ የደሴ ሰው ነው፣ እናቴ የአሥመራ። በ1998 አዲስ አበባ ነበርን። በዚያ ጊዜ ከኢትዮጵያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኤርትራዊ የተባሉ ሰዎች እንዲወጡ ተደረገ፤ ከወዲያም በኩል እንዲሁ ኢትዮጵያውያን ተባረሩ። እናቴን የወሰዷት ሌሊት ነው። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ከዓለም አንሳለሁ። ስለዚህ መጽሐፉን ስከፍት የመጀመሪያዎቹን ገጾች እንደማንኛውም አንባቢ አላነበብኳቸውም።

ያላነበበ ሰው እንዲገባው፦ መጽሐፉ በሁለት አጫጭር ትዕይንቶች ይጀምራል። የመጀመሪያው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ ወታደሮች ሌሊት በሩን ሰብረው ይገባሉ፣ ቤተሰቡን ያዋርዳሉ፣ ከዚህ አገር ካልወጣችሁ ትሞታላችሁ ይላሉ። ሁለተኛው ኤርትራ ውስጥ ነው፤ ወታደሮች ሌሊት በሩን ሰብረው ይገባሉ። ሁለቱ ከጥቂት ቃላት በቀር አንድ ናቸው። የአገሩ ስም ይለወጣል፣ የሚሰደበው ወላጅ ይለወጣል፣ ሌላው ባለበት ነው።

ባልደረቦቼ ይህን ሲያነቡ «ደራሲው ሚዛን ለመጠበቅ ነው» ይላሉ። እኔ እንደዚያ አላየሁትም። እኛ ቤት ለዓመታት የነበረው ክርክር የትኛው ወገን ባሰ የሚል ነበር፤ የአባቴ ዘመዶች አንዱን ይቆጥራሉ፣ የእናቴ ዘመዶች ሌላውን። ልጅ ሆኜ የማንንም ቁጥር መያዝ አልፈለግሁም፤ ግን አለመያዝ የሚቻልበት ቦታ አልነበረም። እነዚያ ሁለት ገጾች ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን ቦታ ሰጡኝ። በሩ ሲሰበር መሐል ወለሉ ላይ የቆመው ልጅ ያው ልጅ ነው።

ስለ ሦስተኛ መደብም ከዚህ ነው የምመልስልሽ፣ እህቴ። ዓለም «እኔ» ብሎ ቢተርክ ኖሮ እነዚያን ሁለት ሌሊቶች በአንድ ቃል ሊነግረን አይችልም ነበር። የተጎዳ ልጅ ሁለት ሌሊት በአንድ ዓይነት ቃል አያስታውስም፤ አንዱ ይገንበታል፣ አንዱን ይረሳል፣ ለአንዱ ምክንያት ይፈልጋል። እኔ ራሴ ዛሬ ድረስ እንደዚያ ነኝ። ከሁለቱም አገር ውጭ የቆመ ተራኪ ብቻ ነው ሁለቱንም በእኩል ሊያስቀምጣቸው የሚችል። ያ ተራኪ ከዳኛው የሚለየውም በዚህ ነው፦ ዳኛው አንዱን አገር እንዲመርጥለት ይፈልጋል፣ የምትመለሰው ወዴት ነው ብሎ ነው የሚጠይቀው። ተራኪው አይጠይቀውም።

ገጽ ገላጭ (ሚኒያፖሊስ)

ወንድሜ፣ ይህን ስለጻፍክልን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእናትህም ጤና ይስጥልኝ።

ሐሳቡን ወስጄ ረቂቁን ከመሠረቱ እየቀየርኩ ነው። የፔፐሬ ዋና ነጥብ አሁን እንዲህ ነው፦ «ሬፊዩጂ ቦይ» ውስጥ ያሉት ተቋማት ሁሉ፣ ሠራዊቶቹም ፍርድ ቤቱም፣ ከዓለም የሚፈልጉት አንድ አገር እንዲመርጥ ነው፤ ሦስተኛ መደብ ትረካው ያለ ምርጫ እንዲቆም ያስችለዋል። የትራይትስን የኃይል ሐሳብ ለመጀመሪያው ግማሽ፣ የካደንን ለሁለተኛው እጠቀማለሁ። የሐይፋዋን እህቴን ምክር ሰምቼ የመስተዋቱን አንቀጽ አቆይቻለሁ፤ መጨረሻ ላይ ሳይሆን መግቢያው ላይ።

የመምህርነት ክፍሉን ደግሞ እንዲህ አሰብኩት። ሁለቱን የመክፈቻ ትዕይንቶች አባዝቼ ለየተማሪው ጎን ለጎን እሰጣለሁ፤ እርሳስ ይዘው የሚለያዩትን ቃላት ብቻ ያሰምሩ። ከዚያ በፊት ስለ ጦርነቱ ምንም አላስተምርም። ካሰመሩ በኋላ ካርታ እከፍታለሁ። የእትዬን ደብዳቤ ለወላጆች ቀድሜ እልካለሁ።

ሥነ ጽሑፍ አስተማሪ (ባሕር ዳር)

ጎበዝ። አንድ ጥንቃቄ፦ ተራኪው ፍጹም ገለልተኛ ነው አትበዪ። ዘፋንያ ገጣሚ ነበር፣ ለስደተኛ የሚሟገት ሰው ነበር፤ ድምፁ በዘመቻው ምዕራፎች ውስጥ ጎልቶ ይሰማል፣ አንዳንድ ቦታ ገጸ ባሕርያቱን ንግግር ያስደርጋቸዋል። ይህን ደካማ ጎኑን ፔፐርሽ ውስጥ በግልጽ አውጪው። የወደድሽውን መጽሐፍ በሐቀኝነት መመዘን ነው ኮርሱ የሚያስተምርሽ።

ከፒያሳ (አዲስ አበባ)

ሁላችሁንም አነበብኳችሁ። የሐዲስ ዓለማየሁን ነገር አልተውኩም፤ ወጣት ሁሉ ሊደርስባቸው ይገባል እላለሁ። ግን ያ የሁለት ሌሊቱ ነገር በአማርኛ፣ እዚሁ ባለ ልጅ አንደበት ቢጻፍ ብዬ አሰብኩ። የስቶክሆልሙ ልጄ፣ አንተ ብትጽፈው ምን ይመስልሃል? መጽሐፉን ለማንበብ ፈልጌ ነበር፤ እዚህ በቀላሉ የማገኘው አይመስለኝም።

መጽሐፍ ቤት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ጋሼ፣ ለበዓል አዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ አለኝ። ሁለት ቅጂ እልካለሁ፤ አንዱ ለእርስዎ፣ አንዱ በአቅራቢያዎ ላለ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት። የሚያደርስበትን ቦታ በውስጥ መልእክት ይጻፉልኝ።